የማግኔት ፕሮግራሙ ለቅሶ

ዓርብ ጠዋት አብርሆት እንደ ወትሮዋ ገና ሳይነጋ ተነሣች። የወጥ ቤቱን መብራት አበራች፣ ሻይ ጣደች፣ ከዚያም የልጇን በር ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ቤዛዊት የምትነሣው በሦስተኛው ነው፤ አብርሆትም ሦስተኛውን ሁልጊዜ ትንሽ ታዘገየዋለች። እንቁላል ጠበሰች፣ ምሳ ቋጠረች፣ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ አልዘጋ ያለውን የቦርሳ ዚፕ በሻማ አሸችው። ቤዛዊት በአንድ እጇ ፀጉሯን ይዛ፣ በሌላው ዳቦውን እየበላች፣ በእግሯ ጫማዋን እየፈለገች ብቅ አለች።

«ቻርጀርሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ ማሚ።»

«ጃኬትሽንስ?»

«ማሚ፣ ኢትስ ሜይ።»

ቢጫው አውቶቡስ መጥቶ ወሰዳት። አብርሆት በመስኮት አየችና ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ቤዛዊት ግን በአውቶቡስ ሃምሳ ደቂቃ ተጉዛ የማግኔት ፕሮግራም ወዳለበት ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምትሄደው። በየዓመቱ ከመላው የትምህርት ወረዳ፣ ከዲስትሪክቱ፣ መቶ ልጆች በዕጣ ተመርጠው ሳይንስና ሒሳብ ጠለቅ አድርገው የሚማሩበት ነው። እሷ አሥረኛ ክፍልን ልትጨርስ ነበር። በአሥራ አንደኛ ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ምርምር ያደርጋል፤ ቤዛዊት የራሷን ከወዲሁ መርጣለች። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ትልቁ ድልድይ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ ልትለካ ነው። አብርሆት ድልድዩ ጭራሽ ባይንቀጠቀጥ ትመርጥ ነበር፤ ልጅቷ ግን የሚሰበረው የማይንቀጠቀጠው ነው ብላ አስረድታታለች። አባቷ አክሊል ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ቤዛዊት ሳትጠየቅ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ የምታወራው ስለዚህ ድልድይ ብቻ ነው።

ሻይዋን ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የተቀዳ ድምፅ ነው፤ በአማርኛ፣ የሠርግ ጥሪ በምታሰማ ሴት ቅላጼ።

«ጤና ይስጥልን ውድ ወላጅ! ዲስትሪክታችን ሀብቱን ለልጆች ሁሉ እኩል ለማዳረስ ባወጣው ዕቅድ መሠረት የማግኔት ፕሮግራሙ ከሚመጣው የትምህርት ዓመት ጀምሮ እንዲቀር ሐሳብ ቀርቧል። ተማሪዎች ወደየሠፈራቸው ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ የትምህርት ቦርዱ ድምፅ ይሰጣል። አስተያየት ካለዎት ሁለትን ይጫኑ።»

አብርሆት ሁለትን ተጫነች።

«ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን!» አለና ተዘጋ።

እሑድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ግማሹ አባል ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግማሹ አሌክሳንድሪያ ስለሚኖር ስብሰባው ተራ በተራ ነው፤ በዚያ ወር ተራው የአሌክሳንድሪያ ሆኖ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተቀመጡ። አብርሆት የእድሩ ጸሐፊ ናት። «ጡሩምባ» የሚባለው የስልክ ግሩፕም በእሷ እጅ ነው። አምስት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ መጻፍ የሚፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው፤ የምትጽፈውም የሞት መርዶ ብቻ። የባሏንም ራሷ ነበረች የጻፈችው። አንድ የፊደል ግድፈት አልነበረበትም።

የዕለቱ አጀንዳ ሲያልቅ እጇን አወጣችና ስለ ፕሮግራሙ ተናገረች። ሐሙስ ሰው እንዲመጣላት ለመነች።

«ስንት ሰው ነው የሚያስፈልግሽ?» አለ እንግዳወርቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ ያለው፣ ሰው ሲያዝን ቀልድ የሚመጣበት ሰው ነው።

«በቻልነው መጠን ብዙ።»

«ለስብሰባ ብለሽ ብትጠሪ ሰባት ሰው ይመጣል፤ ሁለቱ አድራሻ ተሳስተው። ሞት ብትይ ግን ሦስት መቶ ሰው፣ ያውም ቀድሞ ደርሶ በፓርኪንግ ይጣላል።»

ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢው አቶ ተክለሃይማኖት አልሳቁም። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ያልከው ቀልድ አይደለም» አሉ። «በደንባችን አንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት አባል በግዴታ የሚጠራው በሞት ብቻ ነው። የቀረ ሰው በቀጣዩ ስብሰባ ስሙ ይነበባል። አብርሆት ልጄ፣ ለአንቺ ሰው መጥራት የምንችለው ሟች ካለ ነው።»

«ፕሮግራም እኮ ነው ጋሼ» አለች አብርሆት።

«አንቀጽ አራትን አንብቢልኝ።»

አነበበች። ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፤ እንዲሁም አባሉን ወይም የአባሉን ልጅ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ያሳደገ።

«ያሳደገ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት ጣታቸውን አንሥተው። «ያሳደገ ሰው አይልም። ያሳደገ ነው የሚለው። ልጅቷ በቀን ስንት ሰዓት እሱ ጋ ነች?»

«ከነመንገዱ ዘጠኝ።»

«አንቺስ ጋ? እንቅልፍ ሳይቆጠር።»

አብርሆት አሰበች። «ሦስት» አለች። ከዚያ «ሁለት ተኩል» ብላ አረመች።

«እዚያ ከገባች ስንት ዓመት ሆናት?»

«አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር።»

«አልሞላም!» አሉ ከወዲያ ወይዘሮ ታደለች። የአሌክሳንድሪያ ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀብር ቀርተው አያውቁም፤ አንድ ሐሳብም ሳይቃወሙ አሳልፈው አያውቁም።

«በክረምትስ ኮርስ ወስዳለች?» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት።

«ሁለት ክረምት» አለች አብርሆት።

«እንግዲያስ ሞላ።»

«እሺ ይሙላ» አሉ ወይዘሮ ታደለች። «የሜሪላንድ ፕሮግራም ሞተ ብዬ እኔ ቨርጂኒያ ተቀምጬ ለምን ነጠላ አዘቀዝቃለሁ?»

«እትዬ፣ ያንቺ ባል ሲሞት እኛ ከሜሪላንድ አልመጣንም?» አለ አንድ ሰው።

«እሱማ ሰው ነበር!»

እንግዳወርቅ ተነሣ። አሁን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። «እኔ የምለው፣ የእኔ ልጅ አምና አመልክቶ አልገባም። ዕጣ አልወጣለትም አሉኝ። የእሱ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምረው የስፖርት መምህሩ ነው። መቶ ልጅ እዚያ ሲንደላቀቅ የተቀረው ሺህ ልጅ ምን በደለ? ልጄን ያልተቀበለ ሞተ ብዬ ጥቁር ልልበስ?»

አብርሆት ትክክል መሆኑን አወቀች። ፕሮግራሙን ቢዘጉትም የስፖርት መምህሩ ወደ ስፖርቱ እንደማይመለስም አወቀች፤ ግን ይህን ለማስረዳት ጊዜ ይፈልጋል።

«ለቅሶ የሚደረሰው ለወደዱት ብቻ ነው ያለህ ማነው?» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። «በዚያ ብንሄድ አምና ከቀበርናቸው የስንቱ ቀብር ይሞላ ነበር?»

እንግዳወርቅ ትንሽ አሰበና ተቀመጠ። «እሱስ ልክ ነዎት።»

«ግን እኮ አልሞተም» አለች አብርሆት። «ቦርዱ የሚወስነው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ብናለቅስ ቀደምን ማለት ነው።»

አዛውንቱ በርኅራኄ አዩዋት። «ልጄ፣ ለሰው ቀኑ በስልክ አይመጣለትም። ለዚህኛው መጥቶለታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

እጅ ወጣ። አርባ አንድ ለዘጠኝ አለፈ። አብርሆት ቃለ ጉባኤውን ጻፈች። ልቧ ልክ እንዳልሆነ ነገራት፤ ሆኖም ሦስት መቶ ሰው አዳራሽ ሲሞላ በዓይነ ኅሊናዋ ታያትና ስልኳን አወጣች። እስከ ማታ ሳታቆይ እዚያው፣ የወንበር ኮቴ እየተሰማ፣ መርዶውን ጡሩምባ ላይ አወጣችው። ቅጹ የሚጠይቀውን ሁሉ ሞላች፦ የሟች ስም፣ የማግኔት ፕሮግራም። ዕድሜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ዝምድና፣ አሳዳጊ። ባለ ለቅሶ፣ ወይዘሮ አብርሆት። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ስሟን እዚያ መስመር ላይ ስትጽፍ ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር።

ሐሙስ ቦርዱ አስተያየት ወደሚሰማበት አዳራሽ ሁለት መቶ ስልሳ ሰው መጣ። ፓርኪንጉ ቀድሞ ሞላ። ወንዶቹ ጥቁር ኮት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድም ሰው ድምፁን ሳያሰማ ገብተው ተቀመጡ። የጥበቃ ሠራተኛው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ግን አላወቀም።

መድረኩ ላይ ሰባቱ የቦርድ አባላት ተደርድረዋል። ሊቀ መንበሯ ጸጉሯ የሸበተ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ናት። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ አለው፤ ጊዜውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት ይነግረዋል። መጀመሪያ አንድ አባት የውጤት ሰንጠረዥ አሳየ፤ አንዲት እናት ፕሮግራሙ ይዘጋ፣ ገንዘቡ ለሁሉም ይዳረስ ብላ ተከራከረች። ሁለቱም ተጨበጨበላቸው። ከዚያ የእድሩ ተራ ደረሰ።

አቶ ተክለሃይማኖት ማይክሮፎኑ ዘንድ ቀረቡና አረንጓዴው ሲበራ ዝም አሉ። ቢጫው በራ፤ ዝም አሉ። ለቅሶ ቤት ገብቶ መጀመሪያ መናገር ነውር ነው። ቀዩ ሊበራ ሲል ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። ሊቀ መንበሯ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ቀጥሎ ወይዘሮ ታደለች ወጡ። ሲወጡ ሁለት ቃል ተናግረው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው፤ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆሙ ግን የሃያ ዓመት ልማድ አሸነፋቸው።

«አንተ ደጉ!» ብለው ጀመሩ። «አንተ የሰው ልጅ የምታስተምር! በጠዋት አውቶቡስ ልከህ የምታስመጣ! ማንን ተክተህ ነው የምትሄደው? ሳላውቅህ! የሜሪላንዱ!»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከመድረኩ ጥግ ያለው የቦርድ አባል መሐረብ አወጣ። እናቱን ሚያዝያ ላይ መቅበሩን ለጎረቤቱ ሹክ ሲል ማይክሮፎኑ ክፍት ነበርና ሁሉም ሰማው። ወይዘሮ ታደለች ይህ ሲተረጎምላቸው ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡና አቀፉት። የጥበቃ ሠራተኛው ሊከለክል አንድ እርምጃ ሄደና ተወው።

እንግዳወርቅ ተራው ሲደርስ ክራቫቱን አስተካከለ። «ልጄን አልተቀበለውም» አለ። «እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ግን አሁን በሟች ላይ ምን እላለሁ? ክፉ አልነበረም። ቦታ ጠቦት ነው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።» ወረደና አለቀሰ፤ ለማን እንደሆነ ሲጠይቁት እሱም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ የተመዘገቡት አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ ተራ በተራ እየወጡ የቦርዱን አባላት ሰባቱንም እየጨበጡ ያጽናችሁ አሉ። ያልተመዘገቡትም ለቅሶ ደርሶ ሳይጨብጡ መሄድ አይሆንም ብለው ተሰለፉ። የሰዓት ተቆጣጣሪዋ መብራቱን አጠፋችው። የእድሩ የምግብ ኮሚቴ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዞ በጎን በር ገባ። ሊቀ መንበሯ ስለ ሞተ ውሻዋ ለወይዘሮ ታደለች ነገረቻቸው፤ ወይዘሮ ታደለችም «እሱስ ቢሆን አሳዳጊ አይደል» አሉ።

አብርሆት ሦስት ሌሊት ያዘጋጀችውን ወረቀት ይዛ ተነሣች። አራት ነጥብ ነበራት። ፕሮግራሙ ሲዘጋ መምህራኑ ለሃያ አምስት ትምህርት ቤት ሲከፋፈሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የአንድ መምህር እጅና እግር ነው የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ ለእሱ ሠንጠረዥ ሠርታለታለች። ስትነሣ ግን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ብብቷን ደገፏት።

«ልናገር ነው» አለች።

«ባለ ለቅሶ አይናገርም የኔ እናት። ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ።»

«እትዬ፣ ልቀቁኝ፤ ወረቀት አለኝ።»

«ወረቀቱን እኛ እንይዝልሻለን።»

ወረቀቱን ተቀበሏት። እንደ ምንም እየተጎተተች፣ ሁለቱንም ሴቶች እየጎተተች፣ ማይክሮፎኑ ዘንድ ደረሰች። አራቱ ነጥቦች ከጭንቅላቷ ጠፍተው የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አልሞተም» አለች። «ገና አልሞተም። ማዳን ትችላላችሁ።»

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው። ሁለት መቶ ስልሳ ሰው በአንድነት ተነፈሰ። ይህን ቃል ከባለ ለቅሶ አፍ ያልሰማ ሰው በመካከላቸው የለም።

«አይዞሽ» አሏት ሴቶቹ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል።»

«ዲናያል ኢዝ ዘ ፈርስት ስቴጅ» አለች ሊቀ መንበሯ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «መካድ የኀዘን የመጀመሪያው ደረጃ ነው» ብሎ ተረጎመላት አስተርጓሚው፤ ባይተረጉምላትም ገብቷት ነበር።

ከአሥራ አራት ወር በፊት፣ ሐኪሙ የባሏን ሞት ሊነግራት በኮሪደሩ ሲመጣ፣ አብርሆት ይህን ቃል አላለችም። እሺ ነበር ያለችው። አሁን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ አቀፏት።

ዓርብ ለቦርዱ ኢሜይል ጻፈች፦ የተለቀሰው እንዳይሞት ነው፣ እባካችሁ ሠንጠረዡን ተመልከቱ። በአንድ ደቂቃ መልስ መጣ። ስለ ደረሰባት ኀዘን ዲስትሪክቱ ከልቡ እንደሚያዝን፣ የኀዘን አማካሪ ከፈለገች ስልኩ ከታች እንዳለ ይናገራል። ሠንጠረዡ አልተከፈተም።

ማክሰኞ ቦርዱ ፕሮግራሙ እንዲዘጋ ሰባት ለዜሮ ወሰነ። ሊቀ መንበሯ ከድምፁ በፊት ንግግር አደረገች። ከባድ ውሳኔ እንደነበር፣ ሁለት አባላት እስከ ሐሙስ ድረስ ለመቃወም አስበው እንደነበር፣ ሆኖም የኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ አንድን ነገር በክብር መሸኘት ምን እንደሆነ ስላስተማራቸው ልባቸው እንዳረፈ ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም ሰው ቁጣ አላሰማም አለች። እናቱን የቀበረው አባል «ያጽናችሁ» አለ፤ ቃሉን የት እንደተማረው ሁሉም ያውቃል።

አብርሆት ይህን በኮምፒውተር ላይ አየች። ቤዛዊት ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ማሚ፣ ሁለቱ ሊቃወሙ ነበር?»

«ነበር አለች።»

«ሶ... እኛ ነን የዘጋነው?»

በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሰዎች ናቸው፤ ወንበር ተሸክመዋል። በደንቡ መሠረት ለቅሶ የሚቀመጡት ሦስት ቀን ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ነገሩ ካለቀለት ዕለት ጀምሮ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። አቶ ተክለሃይማኖት ከሶፋው ጥግ ተቀምጠው «አሟሟቱ ያማረ ነው፤ እንደዚህ ያለ ሽኝት ለሚኒስትርም አላየሁ» አሉ። እንግዳወርቅ አርባው መቼ እንደሚወጣ ጠየቀና ማንም ስላልሳቀለት ደነገጠ፤ ቀልድ ነበር። በኋላ ወደ ወጥ ቤት መጥቶ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «አብርሆት፣ አበላሸንብሽ አይደል?» አላት።

«ለቅሶ ነው የደረሳችሁት» አለች። «ጥፋት የለባችሁም። ጻፊ ሲሉኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ታደለች አጠገቧ ተጠግተው እጇን ያዙ።

«ለአክሊል እንኳ እንዲህ አልሆንሽም ነበር» አሉ በሹክሹክታ።

«አላለቀስኩም እኮ እትዬ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ያኔ አላለቀስሽም፣ አሁንም አታለቅሺም። ግን ያኔ ሰው ስናስገባልሽ ትቀበዪን ነበር። አሁን በሩን ነው የምታዪው።»

አብርሆት የምታየው በሩን አልነበረም። ከበሩ ቀጥሎ ያለውን የቤዛዊትን ክፍል ነበር። ልጅቷ ሦስቱንም ቀን በየሰዓቱ ወጥታ ለእንግዶቹ ውኃ ሰጥታለች፣ ሳህን ሰብስባለች፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ብላለች፣ ተመልሳም ገብታለች። ያደገች ልጅ ናት አሉ ሁሉም። በሁለቱ ቀብር መካከል እንዴት እንዳደገች ያየ የለም።

ሰዎቹ ሲሄዱ እናትና ልጅ ወንበሮቹን አብረው ተሸከሙ። አብርሆት ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ድልድዩን ሌላ ሰው ዘንድ ሄደሽ ብትለኪውስ?» አለቻት። «ዩኒቨርሲቲ ብንጠይቅ?»

«የሚለኩት ሴንሰሮች የፕሮግራሙ ናቸው ማሚ።»

«እኛ ብንገዛስ?»

«ኢትስ ፋይን» አለች ቤዛዊት። የያዘችውን ወንበር አጠፈችው።

ሐምሌ ላይ ዲስትሪክቱ የአዲሱን ዓመት የትምህርት ዝርዝር በፖስታ ላከ። አብርሆት ገበታው ላይ ዘርግታ አነበበችው። የሠፈሩ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ በእግር ስምንት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚያስተምሩት ሰዎች ደግ እንደሆኑ ጎረቤት ነግሯታል። እንግሊዝኛ አለ። ታሪክ አለ። ሒሳብ አለ። ኬሚስትሪ አለ፤ ስፖርትና የሥነ ጥበብ ትምህርትም አለ። በአሥራ አንደኛ ክፍል የምርምር ትምህርት የለም።